የተባለውን ብቻ

በጫማ ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ከቆረጣ ክፍል እስከ ማሸጊያ ድረስ ሁሉም «አስታራቂ» ነው የሚላት። መጀመሪያ በቀልድ ወጣላት፣ ኋላ ተጣብቆባት ቀረ፤ የደመወዝ ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ እንኳን «አስታራቂ፣ ነይ ፈርሚ!» ብላ ነው የምትጠራት። ሥራዋ ማስተርጎም ነው። ቻይናዊው ሥራ አስኪያጅ ያለውን ለሠራተኛው፣ ሠራተኛው ያለውን ለሥራ አስኪያጁ ታደርሳለች። ታደርሳለች ሲባል ታዲያ እንደወረደ አይደለም። መንገድ ላይ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ነው የምታደርሰው።

የሙጫውን ቀን ማንሳት ይበቃል። ሥራ አስኪያጁን ሠራተኛው «አቶ ቶሎቶሎ» ይለዋል፤ መጀመሪያ የለመዳት የአማርኛ ቃል እሷ ናት፣ እስከ ዛሬም ሌላ አልጨመረባትም። በዚያን ቀን አቶ ቶሎቶሎ ከመስመሩ ላይ አንድ ጫማ አንስቶ ሶሉን በአውራ ጣቱ ፈልቀቅ ቢያደርገው ሶሉ እጁ ላይ ቀረ። ጫማውን ሙጫ ቀቢዋ ፊት ወረወረና፣ «ይህን የቀባው የማን ደደብ እጅ ነው? በእግሯ ነው እንዴ የምትሠራው?» ብሎ በቋንቋው ጮኸ። አስታራቂ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች።

«ሙጫው በደንብ ሳይጠጣ ነው መሰለኝ የተጫነው፤ ትንሽ ብንታገሰው ጥሩ ነው ይላሉ» አለች።

ሙጫ ቀቢዋ ግን ጫማው ሲወረወር አይታለች፤ ዓይን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። «ይሄን ራሰ በራ በይልኝ፣ ካወቀ ራሱ መጥቶ ይቀባው!» አለች።

አስታራቂ ወደ ሰውየው ዞረች። «እርስዎ አንድ ጊዜ ቀብተው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል ትላለች» አለችው።

የአቶ ቶሎቶሎ ፊት ወዲያው ላላ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ብሩሹን ተቀበለ፣ ጎንበስ ብሎ እያሳየ ቀባ። ሙጫ ቀቢዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ራሱ መጥቶ ይቀባው ብላ ነበር፤ ይኸው መጥቶ ቀባ! ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ፣ ማንም ማንንም አልሰደበም፣ መስመሩም መሽከርከሩን ቀጠለ።

አስታራቂ ቻይንኛውን የተማረችው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አይደለም። ወደ ፋብሪካው የገባችው በስፌት ሠራተኛነት ነው፤ ማሽኗ የቴክኒሻኖቹ መሣሪያ ከሚቀመጥበት ጥግ አጠገብ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ፣ ሲሟገቱ፣ ሲሳሳቁ ትሰማለች። ጆሮዋ ሌባ ነው፤ የሰማውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። የፊተኛው አስተርጓሚ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ «ሰው እስክናገኝ ድረስ» ብለው አስነሷት፣ ሰው መፈለጉንም ረሱት። ልጇን ያሳደገችው፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባቻትም በዚሁ «ሰው እስክናገኝ ድረስ» በተባለ ሥራ ነው።

ኋላ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ደንብ አወጣ። ከእንግዲህ አስተርጓሚ ሆኖ የሚሠራ ሁሉ የቻይንኛ ብቃት ፈተናን አራተኛ ደረጃ ማለፍ አለበት፤ ሦስት ጊዜ መሞከር ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ያላለፈ ቦታውን ይለቃል። አስታራቂ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «ለቀባሪው አረዱት!» አለች። የፈራችው ማንበቡን ብቻ ነበር፤ ፊደሉ አይደለም፣ ሥዕል ነው፣ ያውም እርስ በርሱ የሚመሳሰል ሥዕል። ስለዚህ ሥዕሎቹን ስትቆጥር፣ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ ከረመች። ማዳመጡንማ ማን ያጠናዋል? እሷ የምትኖረው በማዳመጥ ነው።

የመጀመሪያውን ፈተና ከልጇ እኩዮች ጋር ተደርድራ ተፈተነች። ኮምፒዩተሮቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ የጆሮ ማዳመጫው ስፖንጅ ተልጧል፣ ፈታኟም እንደ ጥበቃ በረድፉ መሀል ትመላለሳለች። በማዳመጫው ሰዎች ያወራሉ፤ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ስክሪኑ ላይ ይመጣና ትክክል ነው ወይስ ስህተት ይላል። አንዴ ነው የሚሰማው፤ አይደገምም። አስታራቂ አንዱንም ቃል ሳትስት ሰማች፣ ሁሉንም መለሰች፣ ፈገግ ብላ ወጣች።

ውጤቱ ሲመጣ ማንበቡን አልፋለች። መጻፉንም እንደምንም ተንጠልጥላ አልፋለች። የጣላት ማዳመጡ ነው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ፋብሪካው ውስጥ ተዳረሰ። የቆረጣ ክፍል ኃላፊው ምላሱ የማይምር ሽማግሌ ነው፤ «መቀስ» ይሉታል፣ በእጁ ከያዘው መቀስ ይልቅ በአፉ ስላለው። በምሳ ሰዓት ከሩቅ ጠራት።

«በጆሮሽ እየኖርሽ በጆሮሽ ወደቅሽ አሉ?»

«ማዳመጫው ነው ጋሼ፣ የተበላሸ ነው የሰጡኝ» አለች።

«እንግዲያስ አንቺ ደህና ነሽ፤ ፈተናው ነው የወደቀው» አለና ጠረጴዛውን በሙሉ አሳቀባት።

ለሁለተኛው ፈተና ከማዳመጫው ጋር ሙግት እንዳይኖር ብላ ከሁሉ ቀድማ ደረሰችና አዲሱን ለይታ ያዘች። ድምፁ እንደ መስተዋት ጠራ። ውጤቱ ግን ከፊተኛውም ባሰ። አስታራቂ ስልኳን ይዛ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ለቅሶው የኀዘን አልነበረም፤ የንዴት ነበር። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ቻይንኛ ቢወድቅ ምን ይደንቃል? እሷ ግን ሕልሟን እንኳን አንዳንዴ በቻይንኛ ነው የምታየው። ቆሽቷ አረረ።

ልጇ እሑድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ልጅቷ ቻይንኛ አንድ ቃል አትችልም፤ የመለማመጃ ጥያቄዎቹን ግን ከነትርጉማቸው አግኝታለች።

«እማዬ፣ አሁን አንቺ ትሰሚያለሽ፣ ከዚያ ምን እንዳሉ ለእኔ ትነግሪኛለሽ። እኔ ከጽሑፉ ጋር አያለሁ።»

የመጀመሪያው ንግግር ተሰማ። አንድ ሰውና አንዲት ሴት በስልክ ያወራሉ።

«እሺ፣ ሰውየው ምን አለ?»

«ከሚስቱ ጋር ተኳርፈዋል» አለች አስታራቂ ሳታመነታ፣ «ግን ይታረቃሉ፤ የከረረ አይደለም።»

ልጅቷ ጽሑፉን አየች፣ እናቷን አየች። «እማዬ፣ ሰውየው ያለው ‹ዛሬ አመሻለሁ፣ እራት አትጠብቂኝ› ነው።»

«እኮ! ካልተኳረፉ ለምን አትጠብቂኝ ይላል?»

«ሥራ በዝቶበት ነዋ!»

«ድምፁን አልሰማሽም? ቆረጥ አድርጎ እኮ ነው ያናገራት።»

«እማዬ፣ ሰውየው አንባቢ ነው! ጽሑፍ ሰጥተውት ያነበበ ሰው! ሚስትም የለችውም!»

አስታራቂ ተከፋች፤ ለማን እንደተከፋች ባታውቅም ለዚያች ለሌለችው ሚስት ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛውን ከፈቱ። አንዲት ሴት ልብስ መደብር ውስጥ ቀሚስ አይታ ታደንቃለች፣ ሌላ ቀን መጥታ እንደምትገዛም ለሻጩ ትነግረዋለች።

«አትገዛም» አለች አስታራቂ።

«ጥያቄው ‹ሴትዮዋ ሌላ ቀን መጥታ እገዛለሁ ብላለች› ነው የሚለው። ትክክል ወይስ ስህተት?»

«ስህተት። ሻጩ እንዳይከፋው ብላ ነው እንጂ ገንዘቡን ከየት ታመጣዋለች? ሌላ ቀን ያለ ሰው ገዝቶ ያውቃል?»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ጠረጴዛውን መታችው። «የተባለውን ብቻ! እማዬ፣ ምን ለማለት እንደፈለጉ፣ ምን ማለት እንደነበረባቸው፣ እንዴት እንደሚታረቁ ማንም አልጠየቀሽም! የተባለውን ብቻ ስሚ!»

«አትጩሂብኝ!» አለች አስታራቂ፤ እሷም ጮኸች። «የተባለውን ብቻ ብሰማ ኖሮ፣ የሰማሁትን እንዳለ ባቀብል ኖሮ፣ ያ ፋብሪካ በሳምንቱ ይዘጋ ነበር። አንቺም ዩኒቨርሲቲ አትገቢም ነበር!»

ልጅቷ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አውቃለሁ እማዬ። እኔ አውቅሻለሁ። ፈተናው ግን አያውቅሽም» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ ለሦስተኛው ፈተና ጆሮ መግራት ያዙ። ልጅቷ «ደክሞኛል» ስትላት አስታራቂ «ደክሟታል» ብላ ማቆም አለባት፤ «በእኔ ተናዳለች» ማለት ክልክል ነው። ጎረቤት በር አንኳኩቶ «ላልፍ ስል ብቅ አልኩ» ካለ፣ ላልፍ ሲል ብቅ ብሏል፤ ሊበደር ነው የመጣው ማለት የለም። መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነበር። ፋብሪካ ስትገባ ግን ጨዋታነቱ ቀረ።

ምክንያቱም የተባለውን ብቻ መስማት ስትጀምር የተባለው ምን እንደሆነ ሰማችው። እስከዚያ ድረስ ቃሉ ከሰውየው አፍ ሲወጣ የእሷ እጅ ቀድሞ ሳሙናው ላይ ነበር፤ እድፉን አይታው አታውቅም። አሁን እንዳለ ገባባት፦ ሰነፍ፣ ደንቆሮ፣ እጃቸው ይሰበር። ከወዲህ በኩልም የባሰ እንጂ ያነሰ አልነበረም። አቶ ቶሎቶሎ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ራሱ፣ ስለ እናቱ የሚባለውን ቢሰማ ኖሮ በማግሥቱ ሻንጣውን ይይዝ ነበር። ይህን ሁሉ እኔ ነኝ ስሸከም የኖርኩት ብላ አሰበች፤ ደሟ ፈላ። ቢሆንም አጥባ ማቀበሏን አልተወችም። ለፈተናው ጆሮዋን ትገራለች እንጂ ምላሷን ማን ጠየቃት?

ሦስተኛው ፈተና ደረሰ። አስታራቂ ማዳመጫውን አጠለቀችና ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። ሰውየው ቤቱ ሩቅ ነው አለ፤ ሩቅ ነው። ልጅቷ ፈተናው ቀላል ነበር አለች፤ ቀላል ነበር። ምስኪን፣ ወድቃ ይሆናል የሚል ሐሳብ ብልጭ ሲልባት በጥርሷ ከንፈሯን ነከሰችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ግማሹን ስታጋምስ ወገቧ ቀና አለ። ያን ጊዜ እንደምታልፍ አወቀች።

ከዚያ አንዲት ሠራተኛና አለቃዋ ማውራት ጀመሩ። ሠራተኛዋ እናቴ ታመዋል፣ ጥቂት ቀን ፈቃድ ይስጡኝ አለች። አለቃዋ፣ «ሂጂ፣ ምንም ችግር የለም። ሥራሽን ሌላ ሰው ይሠራዋል» አላት። ጥያቄው «አለቃው ፈቃድ ሰጥቷል» ነበር። አስታራቂ ትክክል የሚለውን ነካች። ልክ ነበረች። ነገሩ እዚህ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። ሥራሽን ሌላ ሰው ይሠራዋል ማለት ምን ማለት ነው? ለእነዚያ ቀናት ነው ወይስ ለዘለዓለም? ሴትዮዋ ለምን ዝም አለች? አመሰግናለሁ እንኳን አላለችም እኮ! እናቷን አስታምማ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ብታገኝስ? በመሀላቸው አንድ ሰው ቢኖር፣ «ቦታሽ ይጠብቅሻል፣ አሳብ አይግባሽ ማለታቸው ነው» የሚላት አንድ ሰው ቢኖር! አስታራቂ በልቧ ለሴትዮዋ መልስ ታዘጋጅ ጀመር። ወደ ራሷ ስትመለስ ማዳመጫው ውስጥ ስለ አየር ንብረት ነው የሚወራው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥርም እሷ ከተወችው ቁጥር ርቆ ሄዷል። ስንት ጥያቄ እንዳመለጣት አላወቀችም። የቀረውን በግምት ነካካችው። ቀና ስትል ፈታኟ «ሰዓት አልቋል» እያለች ነው።

ውጤቱ ሲመጣ የጎደላት በጣት የሚቆጠር ነጥብ ነው። ልጇ ስልኩን ስትቀበላት አስታራቂ በሕይወቷ አፏ ገብቶ የማያውቅ ስድብ ተሳደበች፤ ያውም በሁለት ቋንቋ። ልጇ ደንግጣ አቀፈቻት። የሌለች ሴት፣ የሌለ አለቃ፣ ያልታመሙ እናት! ለእነሱ ስትል ነው ሥራዋን ያጣችው። ሰው በገዛ ዘመዱ ይጎዳል፣ በጓደኛው ይጎዳል፤ እሷ በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ባሉ ሰዎች ተጎዳች።

ዓርብ ጠዋት አቶ ቶሎቶሎ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ሰው ነው። ወንበር ሳበላት፣ ሻይ ቀዳላት፤ ይህን ሲያደርግ አይታው ስለማታውቅ ነገሩ ያለቀለት መሆኑ ገባት።

«ለምኜልሽ ነበር» አላት። «ልዩ ፈቃድ ይሰጣት ብዬ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። እነሱ ደግሞ ጠየቁኝ፦ እሷ ከሌለች ሥራ ይቆማል ወይ? ሠራተኛው ያጉረመርማል ወይ? ምን ልበላቸው? ሌሎቹ ፋብሪካዎች በየወሩ አቤቱታ ነው፣ ሥራ ማቆም ነው፣ ጩኸት ነው። ከእኛ ግን አንድም ቅሬታ ሄዶላቸው አያውቅም። ‹ሠራተኞችህ ጨዋ ናቸው፣ ማንም ቢያስተረጉምላቸው ችግር የለም› አሉኝ። አንድ ጊዜ እንኳን ቢጮሁ ኖሮ የምለው ነገር አገኝ ነበር።»

አስታራቂ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጇ ጨበጠች። እንዳይጮሁ ያደረጋቸው ማን ሆነና? ጨዋ ያደረጋቸው፣ አንተንስ ጨዋ ያደረገህ ማን ሆነና! ይህ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ከአፏ የወጣው ግን፣ «ስለደከሙልኝ አመሰግናለሁ» የሚል ነበር።

«ከሰዓት በኋላ ለሠራተኛው እናገራለሁ። አዲሷ አስተርጓሚ የምትገባው ሰኞ ነው። ስለዚህ…» አለና አንገቱን አከከ። «ዛሬ አንቺው ታስተረጉሚያለሽ።»

ሠራተኛው በሙሉ ማሸጊያ ክፍል ተሰበሰበ። ማሽኖቹ ቆመዋል። ጫማው የሚጫንበት ኮንቴይነር ከበሩ ውጭ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ በማግሥቱ ሞልቶ መውጣት ስላለበት አቶ ቶሎቶሎ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። የእንጨት መደብ ላይ ወጣ። አስታራቂ ከጎኑ ማይክ ይዛ ቆመች።

«ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ደንብ አውጥቷል» አለ። «አስተርጓሚያችን ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወስዳ ሦስቴም ወድቃለች። የማዳመጥ ችሎታዋ ለሥራው በቂ አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ስፌት መስመር ትመለሳለች። በቦታዋ ብቁ ሰው ይመጣል።»

እንደ ልማዷ በራሷ ውስጥ ማጠቡ ተጀመረ፦ አስተርጓሚያችን በራሷ ፈቃድ ወደ ቀድሞ ሙያዋ… የለም! በቃ! ስለ ሌላው ስታጥብ የኖረች፣ የራሷን ውርደትም ራሷ አጥባ ልታሰጣ ነው? የተባለውን ብቻ! ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋችና አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ ተናገረችው። ሦስቴም ወድቃለች። በቂ አይደለም። ብቁ ሰው ይመጣል። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህም ኮራች።

ከዚያ የመቀስ ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። እሷ አለስልሳ፣ አለስልሳ ይሄን ካለችን… ሰውየው በጥሬው ምን ብሎ ይሆን?»

ክፍሉ ተናወጠ። «ሰድቧት ነው!» አለ አንዱ። «ሌባ ብሏት ይሆናል!» አለች ሌላዋ። «እኛንም ጨምሮ ነው የሰደበን፣ ፊቱን እዩት!» እያንዳንዱ የሚያውቀውን ክፉ ቃል በሰውየው አፍ ውስጥ ከተተለት።

«ኧረ የለም! ልክ እንዳሉት ነው የነገርኳችሁ፣ ቃል በቃል!» አለች አስታራቂ።

«ተይ እስቲ እህቴ!» አለች ሙጫ ቀቢዋ። «አንቺ መቼ ነው ቃል በቃል ነግረሽን የምታውቂው? ጫማ አናቴ ላይ ሊያሳርፍብኝ ሲል ‹ትንሽ ብንታገሰው ይላሉ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁም የፍቅር ሳቅ ነበር። አስታራቂ ማይኩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያውቁ ነበር! ሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ ያውቁ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ስለ እሷ ፋብሪካው በሙሉ የሚያወራውን እሷ ብቻ አልሰማችም። ዛሬ እውነቱን ስትናገር ደግሞ የሚያምናት ጠፋ።

መቀስ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወደ ፊት መጣና መደቡ ሥር ቆመ። እጁን ሲያነሳ ሁሉም ዝም አለ።

«በይ አሁን ንገሪው» አለ። «ይህቺን ሴት ከቦታዋ ካነሳህ እኛም ከሥራው እጃችንን እናነሳለን በይው። አንዲት ቆዳ አንቆርጥም፣ አንዲት ክር አናስገባም። ኮንቴይነሩ እደጅ ይበስብስ። ሥራ አቁመናል! ይህን በይው። ቃል በቃል፣ የኔ እህት፤ ለራስሽ ስትይ!»

«ቃል በቃል!» ብሎ ሰዉ ተቀበለው።

አቶ ቶሎቶሎ ወደ እሷ ዞረ። «ምንድን ነው የሚሉት?»

ጠዋት ቢሮው ውስጥ የተመኘላት ነገር ይኸው መጣ። ጩኸት፣ ቅሬታ፣ ሥራ ማቆም፤ ያውም ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆሞ። ይህን ብትነግረው ስልኩን ያነሳል፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም ደንቡን ያጥፋል። ቃላቱ በሙሉ በቻይንኛ አፏ ውስጥ ተሰልፈዋል፤ ይበስብስ የሚለውን እንኳን ታውቀዋለች። አፏን ከፈተች።

የሰውየው ጆሮ ቀልቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። የመቀስ ቡጢ መደቡ ጫፍ ላይ ተጨብጧል። ከመቀስ ኋላ ሙጫ ቀቢዋና የስፌት ሴቶቹ ተደርድረዋል፤ ቢባረሩ የሚያስጠጋቸው የሌለ። አስታራቂ ሁለቱን ሰዎች አየች፤ በመሀላቸው ያለችው እሷ ናት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሷ አፍ ግን ሲያመልጣት እየሰማችው ነው ያመለጣት።

«ስላሳወቁን እናመሰግናለን ይላሉ» አለች በቻይንኛ። «ቢቻል ግን ነገሩን እንዲያስቡበት በትሕትና ይለምናሉ።»

አቶ ቶሎቶሎ ወደ ሕዝቡ አየ፣ ወደ እሷ አየ። «ይህ ሁሉ ጩኸት ለዚህ ነው?»

«ስለሚወዱኝ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነው።»

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ። የአንገቱ ሥር ተመለሰ። «ጨዋ ሰዎች ናቸው» አለ። «አስቤበታለሁ፣ አልሆነም፤ ውሳኔው አይለወጥም በያቸው። ወደ ሥራ ይመለሱ፣ ቶሎ።»

አሁንም አልረፈደም። ቢያንስ ይህችን እንዳለች ብትናገራት መቀስ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ማይኩን አነሳች።

«አስብበታለሁ ብለዋል» አለች። «እስከዚያው ሥራው እንዳይበደል አደራ ብለዋል።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሰዉ እየሳቀ፣ እየተገፋፋ ወደየማሽኑ ተመለሰ፤ ጫኞቹ ካርቶን ተሸክመው ወደ ኮንቴይነሩ ሮጡ። አቶ ቶሎቶሎ ሰዓቱን አይቶ፣ ራሱን በምስጋና ዝቅ አድርጎላት ወጣ። አስታራቂ በራሷ እርር አለች፤ ጮሃ መልሳ ልትጠራቸው ፈለገች፣ ምን ብላ እንደምትጠራቸው ግን አጣች።

መቀስ ሁሉም እስኪሄድ ቆይቶ ወደ እሷ መጣ። ፊቱ በደስታ በርቷል። ትከሻዋን ጨበጥ አደረጋት።

«አየሽ አይደል?» አላት። «አንድ ቀን ቃል በቃል ሲነገረው እንዴት እንደለዘበ!»

«አየሁ ጋሼ» አለችና ማይኩን አጠፋች።